የውሃ ሽታ የሆነው ዲስክ

ሎርና ማዙር አርባ ስምንት ዲስክ ቆጥራ ፈርማ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ሳጥኑን ከፍታ ስትቆጥር ግን አርባ ሰባት ሆነባት። ደግማ ቆጠረች፤ ያው አርባ ሰባት። መነጽሯን አውልቃ በሹራቧ ጫፍ ወለወለችና ከታች ወደ ላይ ቆጠረች። ዲስክ እንደ ሰው አይደለም፤ ዶናት ሊገዛ ወጥቶ ይሆናል አይባልም። ሠላሳ አንደኛው የለም። የውሃ ሽታ ሆኗል።

ሎርና በሃሚልተን ከተማ፣ ድሮ የሚስማር ፋብሪካ በነበረ ህንጻ ውስጥ ባለ የአሻንጉሊት ፊልም ስቱዲዮ የኮምፒዩተር ክፍል ኃላፊ ናት። ኃላፊ ሲባል ከሥሯ ሰው አለ ማለት አይደለም። የምታዘው ራሷን ነው፤ እሷም አንዳንዴ አሻፈረኝ ትላለች። በዚህ ስቱዲዮ ምንም ነገር በራሱ አይንቀሳቀስም። አሻንጉሊቱ በእጅ ትንሽ ይገፋል፣ ፎቶ ይነሳል፤ እንደገና ትንሽ ይገፋል፣ ፎቶ ይነሳል። ለአንድ ሰከንድ ፊልም ሃያ አራት ፎቶ ያስፈልጋል። ሰው ቀኑን ሙሉ አጎንብሶ ውሎ፣ ቤቱ ሲገባ "ዛሬ ምን ሠራህ?" ሲባል፣ "ሁለት ሰከንድ" ብሎ ደረቱን ነፍቶ የሚመልስበት ቤት ነው።

በየካሜራው ጎን አንድ አንድ ላፕቶፕ ነበረ። አርባ ስምንቱንም ያሰናዳቻቸው፣ ሲታመሙ ያከመቻቸው፣ ስም ያወጣችላቸው ሎርና ናት። ስማቸው የሾርባ ስም ነው፤ ምስር፣ ጎመን፣ ቲማቲም፣ ዶሮ በፓስታ እያለ ይቀጥላል። የመጀመሪያው ክረምት ማሞቂያው ተበላሽቶ ሁሉም በሾርባ ነበር የከረመው፤ ስሙም በዚያው ጸና። አሁን ላፕቶፖቹ አርጅተው በአዲስ ተተክተዋል። ሎርና አሮጌዎቹን ለባርተን መንገድ የሥዕል ማዕከል ልትሰጥ ቃል ገብታለች። እዚያ ሠላሳ ሰው ሁለት ኮምፒዩተር ይሻማል፤ አንደኛው ደግሞ በጥፊ ካልተመታ አይነሳም። ቅዳሜ ጠዋት መኪና ይዘው መጥተው አርባ ስምንቱንም ይወስዳሉ ተብሏል።

ችግሩ ዲስኮቹ ናቸው። ዲስኮቹ ውስጥ ገና ሲኒማ ቤት ያልደረሰ የአንድ ትልቅ የፊልም ድርጅት ሥራ አለ፤ ድርጅቱ ደግሞ በምስጢሩ አይቀልድም። ደብዳቤው አጭር ነበር። አርባ ስምንቱም ዲስኮች ምስክር ባለበት ተፈጭተው እስከ ዓርብ እኩለ ቀን ከተመዘገቡ፣ ባዶዎቹን ላፕቶፖች ለፈለጋችሁት ስጡ። አንድ ዲስክ ከጎደለ ግን አርባ ስምንቱም ላፕቶፖች እንዳሉ ወፍጮ ይገባሉ።

ወፍጮው ግቢ ውስጥ ቆሟል። በትልቅ የጭነት መኪና ላይ የተጫነ ወፍጮ ነው፤ ዲስክ ሲጥሉበት በአራት ሰከንድ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ ብናኝ አድርጎ ይተፋዋል። ከመኪናው ጋር የመጡት ምስክር ሚስተር ሃርጂንደር ጊል ይባላሉ። ከብራምፕተን ነው የመጡት፤ ጥምጥማቸው ሰማያዊ፣ ጫማቸው አፍንጫው ብረት፣ ብብታቸው ሥር ሁልጊዜ የሻይ ፔርሙዝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ነገር ሲፈጭ እያዩ ከመፈረም በቀር ሌላ ሥራ አልሠሩም። እንዲህ ያለ ሰው ቶሎ አይደነቅም።

"እንጀምር?" አሉ።

"አንድ አፍታ ይስጡኝ፣ ሚስተር ጊል።"

"አንድ አፍታ ስንት ደቂቃ ነው?"

"ሻይዎን ይጠጡ።"

"ጠጥቻለሁ።"

"ይድገሙ።"

ሚስተር ጊል ደገሙ። ሎርና ግን ወሽመጧ ተቆርጦ በኮሪደሩ ሄደች። ላፕቶፖቹ ግድግዳው ሥር ተደርድረው፣ በየክዳናቸው የሾርባ ስማቸው ተጽፎ ይጠብቃሉ። ሠላሳ አንደኛው ዲስክ የወጣው ከ"አተር" ነው። አተርን አየችና ፊቷን አዞረች። የሰው ፊት ያየች ያህል አፈረች፤ ለዕቃ ማፈር ሞኝነት እንደሆነ እያወቀችም አፈረች።

ከሦስት ሳምንት በፊት የነበረውን ቀን አስታወሰች። ጠዋት ቆጥራ፣ በየዲስኩ ላይ ቁጥር የያዘ ክብ ስቲከር ለጥፋ፣ ፈርማ፣ ሳጥኑን ወደ ቁልፍ ክፍል ስትወስድ ቁልፉን ረስታ ነበር። ሳጥኑን የፊልሙን ጥቃቅን ዕቃ የሚሠሩት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ተመልሳ ሄደች፤ አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ስትመለስ ሳትቆጥር ቆለፈችበት።

የዕቃ ሠሪዎቹ አለቃ ዌንደል ፕራት ይባላል። ጺሙ ውስጥ ሙጫ የማይጠፋ፣ እጁ የገባውን ሁሉ ወደ ሌላ ነገር የሚቀይር ሰው ነው። የሎርናን የድሮ ኪቦርዶች ቁልፍ በቁልፍ ነቅሎ የመንደር ጣሪያ ክዳን አድርጎባቸዋል። የኮምፒዩተር ማራገቢያው የነፋስ ወፍጮ ሆኗል፤ የተቆራረጠው ገመድ ደግሞ ሐረግ። ስትገባ በጥርስ መጎርጎሪያ አጥር እያጠረ ነበር።

"ዌንደል፣ ከሦስት ሳምንት በፊት እዚህ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሳጥን አስቀምጬ ነበር።"

"አይቼዋለሁ። እግዜር ይስጥሽ።"

"ምኑን ነው እግዜር የሚሰጠኝ?"

"ስለ ዲስኳ ነዋ። ከላይ የነበረችዋን ወሰድኳት። አንድ ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ፣ ሌሎቹን ጫፋቸውን አልነካሁም። ስግብግብ እንዳልሆንኩ ታውቂያለሽ።"

ሎርና የምትቀመጥበት ፈለገች። ወንበሩ ላይ ሙጫ ስለነበረ ቆማ ቀረች።

"ማን ውሰድ አለህ?"

"አንቺ ነሻ። አረንጓዴ ለጥፈሽባት።"

በዌንደል ክፍል ሕግ አለ፤ ከስቱዲዮው በር ላይ ከተለጠፈው ሕግ ሁሉ ይበልጥ የሚከበረውም እሱ ነው። ቀይ ስቲከር ያለበትን ዕቃ አትንካ። ቢጫ ያለበትን ጠይቀህ ንካ። አረንጓዴ ያለበት ግን ጌታ የለውም፤ ወስደህ የፈለግከውን አድርገው። ሎርና ቀይ ስቲከር ልትገዛ ሄዳ ቀዩ አልቆ ነበር፤ አረንጓዴ አንስታ መጣች።

"ቀለም ምን ለውጥ ያመጣል ብዬ ነው" አለች ድምጿ ዝቅ ብሎ።

"እኛ ቤት?" አለ ዌንደል። "አሥራ አንድ ዓመት ከቀለም ቀቢዎች ጋር ሠርተሽ?"

"እሺ፣ በቃ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። አሁን ዲስኩ የት ነው?"

ዌንደል አጥሩን አስቀምጦ ጺሙን አከከ። "በረዶ ሆናለች" አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የላፕቶፕ ዲስክ ሽፋኑ ሲፈታ ውስጡ ያለችው ክብ ዝርግ ነገር መስታወት ናት፤ እንደ ዕንቁ ታበራለች፣ መሃሏ ላይ ክብ ቀዳዳ አላት። ዌንደል ይህቺን ሲያይ ዲስክ አልታየውም። የታየው በክረምት የረጋ ኩሬ ነው፤ ቀዳዳዋ ደግሞ ዓሣ አጥማጆች በረዶውን የሚበሱባት። አውራ ጣት በምታህል ዝይ ልክ የተሠራ ኩሬ። ዝይዋም ተዘጋጅታ ኩሬ አጥታ ነበር።

"ዌንደል፣ ያ ዲስክ እስከ ነገ እኩለ ቀን ካልተፈጨ አርባ ስምንቱንም ላፕቶፕ ይፈጩብኛል።"

ዌንደል ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልዱ ጠፋበት። "አተርንም?"

"አተርንም።"

"ነይ" አለ። "ግን ኦዴትን አንቺ ነሽ የምታናግሪያት። እኔ ልጆች አሉኝ።"

ኦዴት ቡሼ የምትሠራበት ክፍል ከበሩ ወዲያ በጥቁር መጋረጃ የተከለለ ነው። ዙሪያውን ቢጫ ፕላስተር ተስቦበታል፤ በመግቢያው ላይ "ትኩስ ነው፣ አትንኩ" የሚል ወረቀት ተንጠልጥሏል። በዚህ ሙያ ቀረጻ የተጀመረበት መድረክ ትኩስ ይባላል። ትኩስ መድረክ ላይ አቧራ እንኳ አይጠረግም፤ ምክንያቱም የዛሬው አቧራ ትናንት ከነበረበት ከተነሳ ፊልሙ ላይ ይዘላል። በትኩስ መድረክ አጠገብ ያስነጠሰ ሰው አንድ ወር ሙሉ ሲነሳበት ይኖራል።

ሎርና መጋረጃውን ገልጣ ስትገባ ከኋላዋ የብረት ጫማ ድምፅ ሰማች። ሚስተር ጊል ፔርሙዛቸውንና ሰሌዳቸውን ይዘው ተከትለዋታል። በሕጋቸው መሠረት ምስክር ከቆጣሪው አይለይም። ወረቀቱን አነበቡ፣ አሻግረው ኩሬውን አዩ፣ እንደገና ወረቀቱን አነበቡ።

"በረዶው ነው ትኩስ?" አሉ።

"አዎ" አለ ዌንደል።

ሚስተር ጊል ሰሌዳቸው ላይ አንድ ነገር ጻፉ። ምን እንደጻፉ ማንም ሊጠይቃቸው አልደፈረም።

ኦዴት አላየቻቸውም። የፊልሙ ባለቤትም አዘጋጅም አንቀሳቃሽም እሷ ናት፤ ሦስት ሳምንት አጎንብሳ ከርማ ወገቧ ማጭድ ሆኗል። መብራቱ ሥር፣ በዚያች በምታበራ ኩሬ ላይ፣ አንዲት የካናዳ ዝይ አንገቷ ጥቁር፣ ጉንጯ ነጭ፣ እግሯ ላይ የበረዶ ሸርተቴ ጫማ አድርጋ ቆማለች። በሃሚልተን ሐይቅ ዳር ሰው የምታባርር፣ መንገድ የምታበላሽ ያች ዝይ ራሷ ናት፤ እዚህ ግን ታሳዝናለች።

"ኦዴትዬ፣ በረዶሽ የኔ ዲስክ ነው።"

"የዌንደል ነው። የሰጠኝ ዌንደል ነው።"

"ዌንደል ከኔ ሰርቆ ነው።"

"አረንጓዴ ነበር" አለ ዌንደል ከመጋረጃው ጀርባ።

"መቼ ትጨርሻለሽ?"

"ረቡዕ።"

"ነገ እኩለ ቀን ላይ እፈልገዋለሁ።"

"እኔም ቀጭን ወገብ እፈልጋለሁ" አለች ኦዴት። አሁንም ቀና አላለችም። ዝይዋን በመርፌ ጫፍ ፀጉር ታህል ገፍታ፣ በሌላ መርፌ ከእግሯ ኋላ መስታወቱን ጭራ፣ ሄዳ የካሜራውን ቁልፍ ተጫነች። "አንድ ቃል አልናገርም፣ ሎርና፣ ግን ስሚኝ። ይህን መስታወት ካነሳሁት ውስጡ በመብራቱ የሠራኋት ጨረቃ ትዘላለች። ሌላ ብተካ ሦስት ሳምንት ቁማሬን ተበላሁ ማለት ነው። ዝይዋ ሦስት ዙር ትዞራለች። በመጀመሪያው ትፈራለች፣ በሁለተኛው ትረሳዋለች፣ በሦስተኛው ደስ ይላታል፣ ከዚያ በረዶው ይሰበራል። ሁለተኛውን አሁን ጨረስኩ። ሳትደሰት ከሰበርኩባት ፊልም አይሆንም፣ የትራፊክ አደጋ ነው።"

"ዝይ ውሃ ትፈራለች?" አሉ ሚስተር ጊል።

ኦዴት ቀና አለች። የተናገሩትን ሰው ከጥምጥማቸው እስከ ጫማቸው አየቻቸው።

"ፊልሙ በሙሉ እሱ ነው" አለች። "ማን ናቸው?"

"ወፍጮው" አለች ሎርና። "ኦዴት፣ ዲስኩ የአተር ነው። አንቺ የመጀመሪያ ፊልምሽን የሠራሽበት። ነገ እኩለ ቀን አንድ ዲስክ ከጎደለ አተርም፣ ምስርም፣ ሁሉም ይፈጫሉ። የባርተን መንገድ ሰዎች ቅዳሜ መኪና ይዘው ይመጣሉ። ምን ብዬ ነው የምነግራቸው?"

ኦዴት ዝይዋን አየች፣ ሎርናን አየች። ሁለቱንም ትወዳለች፤ በዚያ ሰዓት ግን ሁለቱንም ጠላቻቸው።

ያኔ ሚስተር ጊል ፔርሙዛቸውን መሬት አስቀምጠው ከደረት ኪሳቸው ትንሽ ማጉያ መነጽር አወጡ። ቢጫው ፕላስተር ጫፍ ድረስ ቀርበው፣ እጃቸውን ከጀርባቸው አጣምረው አጎነበሱ።

"እነዚህ መስመሮች ምንድን ናቸው?"

"የሸርተቴዋ ዱካ ነው" አለች ኦዴት። "በየፎቶው እጭራለሁ።"

"በየፎቶው?"

"በየፎቶው። በሁለቱም እግር።"

"በምን?"

"የአልማዝ ጫፍ ባላት መርፌ። መስታወትን ሌላ ነገር አይጭረውም።"

"እስካሁን ስንት ፎቶ ሆነ?"

"አምስት መቶ ሃያ ስድስት።"

ሚስተር ጊል ቀስ ብለው ቀና አሉ። ወደ መኪናቸው ሄደው የደንብ መጽሐፋቸውን ይዘው ተመለሱ፤ ቆመው፣ ጣታቸውን ምራቅ እያስነኩ፣ ሁለት ገጽ አነበቡ። ከዚያ ሰሌዳቸውን ወደ ሎርና አዞሩት። በእያንዳንዱ ዲስክ ፊት ሦስት ሳጥን ተስሏል፤ "ጠፍቷል"፣ "አልጠፋም"፣ "በመጥፋት ላይ"። በእሳቸው ደንብ መጥፋት ማለት መደምሰስ ነው።

"ሚስ ማዙር፣ ጠዋት ይህ ዲስክ ጠፍቷል ብለው ነበር ያሰቡት።"

"ጠፍቶብኝ ነበር።"

"ጠፍቶብዎት ነበር እንጂ አልጠፋም ነበር። ቢጠፋማ ጥሩ ነበር። አሁን ግን ተገኝቷል፤ ቢገኝም ሳይጠፋ ነው የተገኘው። እኔ እንዳየሁት ደግሞ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዲት ዝይ በአልማዝ ስትጭረው ነው የከረመችው። አንድ ሺህ ሃምሳ ሁለት ጭረት። ይህ ዲስክ በመጥፋት ላይ ነው።"

ዌንደል ከመጋረጃው ጀርባ፣ "አልገባኝም፣ ጠፍቷል ወይስ አልጠፋም?" አለ።

"ሦስተኛው ሳጥን የተሠራው ወፍጮው መሃል ላይ ነክሶ ሲቆም እንዲሞላ ነው" አሉ ሚስተር ጊል ሳይመልሱለት። "በዘጠኝ ዓመት ምልክት አድርጌበት አላውቅም። ምልክት ከተደረገበት ምስክሩ ዓይኑን ከዕቃው አያነሳም፤ ማታ በሩ ይታሸጋል። ደንቡ ጥፋት ስንት ሰዓት ይፍጅ አይልም። ነገ እኩለ ቀን ከመድረሱ በፊት ግን የመጨረሻዋ ስባሪ ወፍጮ መግባት አለባት። ከዚያ በኋላ ሴንት ካተሪንስ የምፈጨው አለኝ።"

"አልደርስም" አለች ኦዴት። "ሦስተኛው ዙር ብቻ መቶ ሰማንያ ፎቶ ነው። ከዚያ መሰበሩ አለ። ጥሩ ቀን ብውል ሃምሳ አነሳለሁ።"

ሎርና ዝይዋን ታይ ነበር። ኮምፒዩተር ስታክም ነው የኖረችው፣ ስለ ፊልም አስተያየት ሰጥታ አታውቅም። አሁን ግን አምልጧት ተናገረች።

"ደስ ካላት ለምን ትዘገያለች?"

"ምን?"

"ሦስተኛው ዙር ላይ። እኔ ስምንት ዓመቴ ላይ፣ ጌጅ ፓርክ በረዶ ስንሸራተት፣ ፍርሃቴ የለቀቀኝ ቀን አባቴ ሮጦ ሊይዘኝ አልቻለም። ደስ ያለው ሰው ይበርራል እንጂ። ብትፈጥን በአንድ ፎቶ ብዙ ትሄዳለች። ፎቶው አይቀንስም?"

ኦዴት አፏን ከፈተች፣ ዘጋች። ጣቷን አየር ላይ አዙራ በሹክሹክታ ቆጠረች።

"ሃምሳ ሁለት" አለች። "እናቴ ትሙት፣ ሃምሳ ሁለት ነው። ያምራልም።" ከዚያ ተቆጣች፤ የፊልም ሰው የሌላ ሰው ሐሳብ ሲያምር ይቆጣል። "አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ሆነሽ ዛሬ ነው የምትናገሪው?"

ሥራው ተጀመረ። ኦዴት ከመድረኩ እንዳትነቃነቅ የካሜራውን ቁልፍ ሎርና ያዘችላት። ዌንደል ትንሽ ወረንጦ ይዞ ከጎን ቆመ። ሚስተር ጊል ከግቢ ተጣጣፊ ወንበራቸውን አምጥተው ከቢጫው ፕላስተር ውጭ ተቀመጡ፤ ዓይናቸውን ከኩሬው አላነሱም። መጀመሪያ ዝም ብለው ነበር። ሃያኛው ፎቶ ላይ ግን ሳያስቡት ጮክ ብለው መቁጠር ጀመሩ፤ ኦዴትም አልከለከለቻቸውም። ሥራ ሲዘጋ ዝይዋ አርባ አንድ ፎቶ ሄዳ ነበር። ሚስተር ጊል በሩን በሰም አሽገው፣ ፈርመው፣ እንደገና በቁልፉ ቀዳዳ ሊያዩ ሞክረው ወጡ።

ዓርብ ገና ሳይነጋ ከሁሉም ቀድመው የመጡት እሳቸው ነበሩ። ለሦስቱም ሻይ በፔርሙዝ፣ አንድ ሳጥን ዶናትም ይዘዋል። ማኅተሙን ከፍተው ገብተው፣ "ተቀምጣለች" አሉ፤ ዝይዋ ሌሊት ሄዳ ልትሆን የምትችል ይመስል።

ሦስተኛው ዙር አለቀ። ዝይዋ ክንፏን ዘርግታ፣ አንገቷን አስግጋ፣ ከዓሣ አጥማጆቹ ቀዳዳ አጠገብ ደረሰች። ቀጥሎ የበረዶው መሰበር ነው። የዲስክ መስታወት ሲሰበር አመሉ አይታወቅም፤ አንዳንዱ ዱቄት ይሆናል። ዱቄት ከሆነ ኩሬውም ዝይዋም ሦስቱ ሳምንታትም አብረው ያበቃሉ። ኦዴት መርፌዋን ቀዳዳው ጫፍ ላይ አሳረፈች። ሎርና ስለ ላፕቶፖቿ መጨነቋን ትታ ለዝይዋ ስትጨነቅ ራሷን አገኘችው።

ኦዴት ተጫነች። ቅጭል የሚል ድምፅ ተሰማና ከቀዳዳው እስከ ዳር አንድ ቀጭን መስመር ሄደ። ሌላ ምንም አልሆነም።

"ፎቶ" አለች ኦዴት በሹክሹክታ።

ሎርና ተጫነች።

ከዚያ በኋላ ሁሉም በየፎቶው ሆነ። አንድ ስንጥቅ፣ ፎቶ። ሌላ ስንጥቅ፣ ፎቶ። ዝይዋ ቁልቁል አየች፣ ፎቶ። ዌንደል ስባሪዎቹን አንድ በአንድ በወረንጦ እያነሳ ሚስተር ጊል የያዙት ከረጢት ውስጥ ይጥላል፤ በቦታው ኦዴት የፀጉር ቅባት ጠብ ታደርጋለች። በዚህ ቤት ውሃ ማለት የፀጉር ቅባት ነው። ሚስተር ጊል፣ "አሥራ ሁለት... አሥራ ሦስት..." ይላሉ። ዝይዋ በአንድ እግሯ ቀረች። ከዚያ ሁለቱም እግሮቿ ቅባቱ ውስጥ ገቡ። ሃያ ዘጠነኛዋ ስባሪ ከረጢት ስትገባ ኩሬው ላይ በረዶ የሚባል አልቀረም፤ የውሃ ሽታ ሆኖ የነበረው ዲስክ ውሃ ሆነ።

ከረጢቱ ወፍጮ ሲገባ ለእኩለ ቀን ዘጠኝ ደቂቃ ቀርቶት ነበር። አራት ሰከንድ ፈጀ። ሚስተር ጊል የመኪናው ደረጃ ላይ ተቀምጠው ቅጹን ሞሉ። የአርባ ሰባቱን ሐሙስ ማታ፣ በሩ ከታሸገ በኋላ፣ ፈጭተው ጨርሰዋል፤ ሠላሳ አንደኛው መስመር ላይ ሲደርሱ ብዕራቸው ቆመ። "ጥፋቱ የፈጀው ጊዜ" ለሚለው "ሦስት ሳምንት፤ በፊልሙ ሃያ ስድስት ሰከንድ" ብለው ጻፉ። ቀጣዩ "የጠፋበት መሣሪያ" ይላል። በሌሎቹ መስመሮች ሁሉ የወፍጮው ስም ነው ያለው። ሻይ ጠጡ። ከዚያ ጽፈው፣ ፈርመው፣ ለሎርና ሰጧት።

"ዝይ፣ አንድ። ማጠናቀቂያ በወፍጮ።" ሎርና ጮክ ብላ አነበበችው። "ሚስተር ጊል፣ ይህን ይቀበላሉ?"

"እኔ ምስክር ነኝ። ያየሁትን ነው የምጽፈው።"

ላከችው። ከዚያ አራቱም ኮሪደሩ ውስጥ፣ በላፕቶፖቹ መሃል፣ መሬት ላይ ተቀምጠው የቀረውን ዶናት በሉ። ሚስተር ጊል ሴንት ካተሪንስ የሚጠብቋቸው መሆኑን ሁለት ጊዜ ተናገሩ፤ ሁለት ጊዜም አልተነሱም።

"አንድ ነገር ልጠይቅ" አሉ በመጨረሻ ለኦዴት። "ትወጣለች?"

"ማን?"

"ዝይዋ። ውሃ ውስጥ ነው ትተናት የወጣነው።"

"ረቡዕ ይምጡና ያያሉ።"

"ረቡዕ ኦሻዋ ነኝ።" ትንሽ አሰቡ። "ኦሻዋ ይጠብቃል።"

ያኔ የሎርና ስልክ ጮኸ። መልእክቱ ከድርጅቱ የምስጢር ጥበቃ ክፍል ነው። ጮክ ብላ አነበበችው። "ሠላሳ አንደኛው መስመር ላይ 'ዝይ' የሚባል መሣሪያ ተመዝግቧል" ይላል። "በተፈቀዱ መሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ አላገኘነውም። እባክዎ ሞዴሉን ይግለጹ። እስኪጣራ ላፕቶፖቹ አይንቀሳቀሱ።"

"የወፍጮውን ስም ጻፊላቸውና ገላግዪን" አለ ዌንደል።

"ምስክሩ አጠገቤ ተቀምጠው?"

"እኔ አልሰማሁም" አሉ ሚስተር ጊል ዶናታቸውን እያዩ። በዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያው ውሸታቸው ነበር፤ አላማረባቸውምም።

ሎርና አንድ ጊዜ ቆጥራ ሳታይ ቆልፋለች፤ ይህ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው። ሁለተኛ ያላየችውን ልትጽፍ አልፈለገችም። አተርን አየችው። ከዚያ የዝይዋን ዓይነት፣ እውነቱን፣ በአንድ ቃል ጻፈች፤ "ካናዳ።" ላከችው፣ ስልኩን መሬት ላይ ደፋችው።

ሰባት ደቂቃ አለፈ። ስልኩ ጮኸ። ከሎርና ቀድሞ ዌንደል አነሳው።

"'ስለ ማብራሪያው እናመሰግናለን'" ብሎ አነበበ። "'ሞዴሉ በዝርዝሩ ተጨምሯል። ላፕቶፖቹን መስጠት ትችላላችሁ።'"

ኦዴት ሳቋን መያዝ አቅቷት መሬት ላይ ተዘረጋች፤ ወገቧ ስላልቀና እንደተጎበጠች ነው የተዘረጋችው። ሎርናም ልትስቅ ጀምራ ወደ ልቅሶ ሄደባት። አላፈረችበትም። ተነስታ ወደ ክፍሏ ገባችና መሳቢያዋን ከፍታ የተረፈውን የስቲከር ጥቅልል ይዛ ወጣች። አረንጓዴው ነው።

"ኧረ ሎርና" አለ ዌንደል፣ "እሱን ጣይው።"

አልጣለችውም። ከምስር ጀመረች፤ ጎመን፣ ቲማቲም፣ ዶሮ በፓስታ። በእያንዳንዱ ክዳን ላይ አንድ አንድ አረንጓዴ ክብ ለጠፈች፤ እየለጠፈችም ቆጠረች። ሚስተር ጊልም አብረዋት ቆጠሩ። የመጨረሻውን አተር ላይ አድርጋ በአውራ ጣቷ ጫን አለችው። አርባ ስምንት።